ሚናራ፦ ከእስክንድርያ ወደብ እስከ ላፍቶ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ለእንግዳ ሰው አቅጣጫ ስንጠቁም ብዙ ጊዜ «ሚናራው ሲታይህ ወራጅ በል» እንላለን። ባሕር በሌለበት ከተማ ተቀምጠን የመርከበኞችን ቃል እየተጠቀምን መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል?

«መናራ» በዐረብኛ የብርሃን ወይም የእሳት ስፍራ ማለት ነው። ሥሩ ከ«ኑር» (ብርሃን) እና ከ«ናር» (እሳት) ጋር አንድ ነው። ዐረቦች በዚህ ስም የመስጂድን ማማ ብቻ ሳይሆን ለመርከቦች እሳት የሚነድበትን የወደብ ማማም ይጠሩበታል። ከሁሉም ዝነኛው የእስክንድርያው ነበር።

ይህ ማማ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፋሮስ በተባለች ደሴት ላይ ነው። ከፍታው ከ100 ሜትር በላይ እንደነበር ይገመታል። ታችኛው ክፍሉ አራት ማዕዘን፣ መካከለኛው ስምንት ማዕዘን፣ ላይኛው ክብ ነበር። የእስክንድርያ ጠረፍ ዝቅ ያለና ሜዳማ ስለሆነ ከሩቅ የሚታይ ተራራ የለውም፤ ወደቡ አጠገብም ዐለት አለ። መርከበኛው ቀን ሕንጻውን፣ ሌሊት እሳቱን አይቶ ነው አቅጣጫውን የሚያስተካክለው።

እ.ኤ.አ. በ1183 (578 ዓመተ ሂጅራ) ኢብኑ ጁበይር ለሐጅ ከአንደሉስ ተነሥቶ እስክንድርያ ደረሰ። ዘመኑ ሰላሁዲን ከመስቀል ጦረኞች ጋር የሚፋለምበት ነበር፤ ያመጣችው መርከብ ግን የጄኖዋ ክርስቲያኖች ነበረች። መንገድ ላይ፣ ሰርዲኒያ አቅራቢያ፣ ማዕበል አንገላቷቸዋል። ስለ ማማው ሲጽፍ ከ70 ማይል በላይ ርቀት እንደሚታይና ያለ እርሱ ተጓዦች ወደ ከተማዋ መድረስ እንደማይችሉ ነገረን። አናቱ ላይ መስጂድ ስለነበር ወጥቶ ሰገደበት። ሙስሊሙ ሐጃጅና ክርስቲያኑ ካፒቴን በአንድ ብርሃን ተመሩ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ቀይ ባሕርን ከዐይዛብ ወደ ጅዳ ሲሻገር የተሳፈረባት ጀልባ ምስማር የሌላት፣ በኮኮናት ቃጫ የተሰፋች ነበረች። ሐጃጆች እስኪደራረቡ ድረስ ይጫኑ ነበር። እዚህ የሚመራቸው የጀልባ መሪዎቹ ዐይን ነው። በዐለቶቹ መካከል እንደ ፈረሰኛ እየጠመዘዙ ሲያልፉ አይቶ ተደንቋል። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ሲመጡ ያቋረጡት ይህንኑ ባሕር ነው።

የእስክንድርያው ማማ በ1303 የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎዳ። ኢብኑ በጡጣ በ1326 ሲያየው አንድ ጎኑ ፈርሶ ነበር፤ በ1349 ሲመለስ ወደ በሩ መውጣት እንኳ አልተቻለም። ሱልጣን ናስር ሌላ ሊሠራ ጀምሮ ሞት ቀደመው። በመጨረሻም በ1470ዎቹ ሱልጣን ቃይትባይ በስፍራው ምሽግ ሠራበት። ለመጪው ሁሉ መንገድ ይጠቁም የነበረው ቦታ መጪውን የሚጠብቁበት ሆነ።

እኛ ዘንድ የደረሰው ስሙ ነው። ሰፈራችን ውስጥም ሚናራውን አይቶ ከታክሲ የሚወርደው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ከክፍለ ሀገር ዛሬ የገባውም መንገዱን የሚያገኘው በእርሱ ነው። ሚናራ ከጥንትም ሥራው ይኸው ነበር፤ የሚመጣው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መንገድ ማሳየት። በሥሩ የምንኖረውም እንደ ስሙ እንሁን።