ዋይፋዩ አልሞተም፤ አስተርጓሚ አጥቶ ነው

ሽንዲ ላይ ነን እንበል። መሽቷል፤ መብራትም ዛሬ አልጠፋም። አጎታችሁ ከአዲስ አበባ ያመጡላችሁ ያገለገለ ላፕቶፕ ፊታችሁ ተከፍቷል። ዊንዶውሱ እንዳለ ሆኖ ከጎኑ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊነክስ ለመጫን ወስናችኋል። ፍላሹን ሰካችሁ፣ የተጠየቃችሁትን መለሳችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቃችሁ። በቃ፣ ተጫነ! ስክሪኑ ያምራል፤ ኪቦርዱም ይጽፋል። ግን የዋይፋይ ምልክቱ የለም። ደከመ ወይም ተቆራረጠ አይደለም፤ ጭራሽ የለም።

«ተበላሸ!» ትላላችሁ። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ላፕቶፑን አጥፉና ዊንዶውሱን ክፈቱት። ዋይፋዩ እንደ ወትሮው ይሠራል። ላፕቶፑ ያው ነው፤ አንቴናውም ያው ነው። ታዲያ ምን ጎደለ?

ብዙ ሰው ተናዶ ሁሉንም ፎርማት የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የትምህርት ማስታወሻው፣ የቤተሰቡ ፎቶ፣ ይሠራ የነበረው ዊንዶውስም አብሮ ይሄዳል። የጎደለው ግን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ድራይቨር ይባላል። ለምን እንደሚጎድል ለማወቅ ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ታሪኩን ያወቀ መፍትሔውን ራሱ ያገኘዋልና አብረን እንሂድ።

አስተርጓሚው

ድራይቨር የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሾፌር ማለት ነው። ሥራው ግን ከሾፌር ይልቅ ወደ አስተርጓሚ ይጠጋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ (ስርዓተ ክወናው) የሚያውቀው «ይህን መልእክት ወደ ኔትወርክ ላክ» የሚል ጠቅላላ ትዕዛዝ ነው። የዋይፋዩ ቺፕ ይህ አይገባውም። እሱ የሚረዳው የተወሰኑ ቁጥሮች በተወሰኑ ቦታዎች፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል ሲጻፉለት ብቻ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ቺፕ ከሌላው ፋብሪካ ቺፕ በቁጥሩም በቅደም ተከተሉም ይለያል። ድራይቨሩ መሐል ቆሞ ጠቅላላውን ትዕዛዝ ወደ ቺፑ ቋንቋ ይመልሳል፤ የቺፑንም መልስ ወደ ሲስተሙ ቋንቋ ይመልሳል።

አስተርጓሚ ከሌለ ሁለቱ ዝም ብለው ይተያያሉ። አስተርጓሚው ከተሳሳተ ደግሞ የባሰ ነው። የውጫሌን ውል አስታውሱ። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ሲፈረም የአንቀጽ 17 የአማርኛው ጽሑፍ አፄ ምኒልክ ከፈለጉ በጣሊያን መንግሥት በኩል ከአውሮፓ ጋር መጻጻፍ ይችላሉ ይላል። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። የአንድ ግስ ልዩነት ጠቡን አባብሶ አድዋ ድረስ አደረሰ። ኮምፒውተር ላይም እንዲሁ ነው። ድራይቨር ከጎደለ አንድ ዕቃ ብቻ ዝም ይላል፤ የተሳሳተ ድራይቨር ግን ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ «ይህ ይሠራ ይሆናል» እያሉ ያገኙትን ድራይቨር ሁሉ መጫን መፍትሔ አይደለም።

ወረቀት የነከሰው ፕሪንተር

እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ወጣት ፕሮግራመር ነበር። የቤተ ሙከራው አሮጌ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲደርሳቸው አድርጎ ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር። ከዚያ ዜሮክስ ኩባንያ አዲስ የሌዘር ፕሪንተር በስጦታ ሰጣቸው። እሱም ወረቀት ይነክሳል! ስቶልማን ያንኑ ማሻሻያ ሊያደርግለት ቢፈልግም የፕሪንተሩን ፕሮግራም የጽሑፍ ምንጭ የሚሰጠው አጣ። ምንጩ አለው የተባለ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጋ ሄዶ ቢጠይቅም «ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» ተባለ።

ስቶልማን ይህን አልረሳውም። በ1983 ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ሲስተም እሠራለሁ ብሎ ጂኤንዩ የተባለውን ፕሮጀክት አወጀ። የዛሬው ሊነክስ ከዚያ ፕሮጀክት የወረሰው ብዙ ነው። ለውሳኔው ከገፋፉት ነገሮች አንዱ እንግዲህ ከዕቃ ጋር የሚነጋገር ፕሮግራም መከልከሉ ነበር።

«እኔ ያለኝ ዲስክ ይኸው ነው»

በነሐሴ ወር 1991 (እ.ኤ.አ.) ፊንላንድ ሄልሲንኪ ውስጥ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ አዲስ ሲስተም እየሠራሁ ነው ብሎ በኢንተርኔት ለሰዎች ጻፈ። እዚያው ደብዳቤ ላይ ሲስተሙ እሱ ካለው የዲስክ ዓይነት ሌላ ምናልባት መቼም እንደማያውቅ ተናግሯል። ምክንያቱም ያለው እሱ ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ ሊነክስ ገና ሲወለድ ድራይቨር ጎድሎት ነበር!

ከዚያ ምን ሆነ? ሌላ ዲስክ ያለው ሰው ለራሱ ዲስክ ድራይቨር ጻፈና ላከ። ሌላ የኔትወርክ ካርድ ያለውም እንዲሁ አደረገ። ነገሩ እንደ ደቦ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ማጭድ ይዞ መጣ። ዛሬ በሊነክስ ከርነል (በሲስተሙ እምብርት ማለት ነው) ውስጥ ካለው ጽሑፍ ከግማሽ በላዩ ድራይቨር ነው።

ደቦው የማይደርስበት ማሳ ግን ነበር። የቺፑን ቋንቋ ፋብሪካው ካልተናገረ ድራይቨር የሚጽፈው ሰው ከየት ይማረዋል? ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኙ የዋይፋይ ቺፖችን ይሠራል። ለእነዚህ ቺፖች የሊነክስ ሰዎች የዊንዶውሱን ድራይቨር እየመረመሩ ቋንቋውን እንደ እንቆቅልሽ መፍታት ነበረባቸው። ኩባንያው ለአዲሶቹ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው በመስከረም 2010 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ ዘመን ሊነክስ ጭናችሁ ቢሆን ኖሮ «ዋይፋዬ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነበር።

ድራይቨሩ ክፍት ሆኖም ሌላ ነገር ሊጎድል ይችላል፤ ፈርምዌር ይባላል። ይህ ቺፑ ራሱ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ብዙ ቺፖች ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ከዲስክ ላይ ይጫንላቸዋል። አብዛኛው ፈርምዌር ዝግ ነው። ዴቢያን የተባለው ታዋቂ የሊነክስ ስርጭት ዝግ የሆነ ነገር አላካትትም ብሎ ለዓመታት ፈርምዌርን ከዋናው መጫኛው ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ሰው መጫኛውን ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ዋይፋዩ አይሠራም፤ የጎደለውን ለማውረድ ደግሞ ዋይፋይ ያስፈልገዋል! አባላቱ በ2022 ድምፅ ሰጥተው ፈርምዌሩ እንዲካተት ወሰኑ። በሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዴቢያን 12 በዚህ ውሳኔ የመጀመሪያው ነው።

ተራው የዊንዶውስ ሲሆን

እስካሁን የሰማችሁት «ችግሩ የሊነክስ ነው» የሚያሰኝ ይመስላል። አይደለም። ይህን የሚያሳየን ታሪክ ደግሞ እኛው አገር ከገባ ላፕቶፕ ጋር የተያያዘ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ኤክስኦ የተባሉ ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ለአዲስ አበባና ለገጠር ተማሪዎች ተሰጡ። ሲወለዱ ጀምሮ የነበራቸው ሲስተም ሊነክስ ነው። ድራይቨሮቹም አብረው ተሠርተው ነበርና ዋይፋዩም ካሜራውም ይሠራ ነበር። (የዋይፋዩ ቺፕ ፈርምዌር ግን እዚህም ዝግ ነበር፤ ገና በ2006 በዚህ ብዙ ክርክር ተነስቷል።)

ከዚያ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤክስፒን በዚያው ላፕቶፕ ላይ ለማስኬድ ተነሳ። አሁን እንግዳው ዊንዶውስ ነው! የኤክስኦን ዕቃዎች የሚያውቅ የዊንዶውስ ድራይቨር ስላልነበረ የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች ተቀምጠው መጻፍ ነበረባቸው። ላፕቶፑ ውስጥ የነበረው አንድ ጊጋባይት ማከማቻም ስላልበቃ ዊንዶውሱ የተጫነው በሚሞሪ ካርድ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ዊንዶውስ 7 በ2009 ሲወጣ ዩኤስቢ 3 የሚባለው መሰኪያ ገና አልተስፋፋም ነበርና መጫኛው ውስጥ ድራይቨሩ አልተካተተም። ከዓመታት በኋላ በወጡ ኮምፒውተሮች ላይ ሰዎች ዊንዶውስ 7 ሲጭኑ መጫኛው ተከፍቶ ኪቦርዱና ማውሱ ይደርቅባቸው ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ጀምሮ በብዙ ላፕቶፖች ዲስኩን ቪኤምዲ ከሚባል ተቆጣጣሪ ጀርባ አስቀምጦታል። የዚህን ድራይቨር ያልያዘ የዊንዶውስ መጫኛ «ዲስክ አላገኘሁም» ይላል፤ ዲስኩ ግን እዚያው ነው።

አያችሁ? ድራይቨር የሚጎድለው ኋላ የመጣው ነው። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት ለተሠራው ሲስተም አስተርጓሚዎች ተሟልተውለታል፤ በኋላ የሚመጣው ግን አስተርጓሚውን ራሱ ይዞ መምጣት አለበት። መጫኛውን ያዘጋጀው ሰው አስቦ ካልጨመረለት ደግሞ ዕቃው ዝም ይላል።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ?

አሁን ወደ ሽንዲው ላፕቶፕ እንመለስ። ከታሪኩ የሚወጡት ትምህርቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ሳትጭኑ ሞክሩ። ኡቡንቱና ብዙዎቹ የሊነክስ ዓይነቶች ከፍላሹ ላይ ሳይጫኑ ይከፈታሉ። እዚያው እያላችሁ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን ፈትሹ። የጎደለ ካለ ገና ምንም ሳይነካ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ፣ የቀድሞውን ሲስተም አታጥፉት። የጎደለውን የምታወርዱበት ድልድይ እሱ ነው። ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ቅዱ። ዊንዶውሱ ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፎት ከሆነም የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ሦስተኛ፣ የቺፑን ማንነት ጠይቁ። በ1992 ፒሲአይ የተባለው ደረጃ ከወጣ ወዲህ በዚህ ደረጃ የሚሠራ እያንዳንዱ ቺፕ የሠሪውንና የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ይዞራል፤ እንደ መታወቂያ በሉት። ድራይቨር ባይኖርም ቁጥሩ ይነበባል። የኢንቴል መለያ 8086 ነው፤ በ1978 ላወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ማስታወሻ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ፤ ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ ፕሮፐርቲስ ብላችሁ ዲቴይልስ የሚለው ገጽ ውስጥ የሃርድዌር አይዲውን ታገኛላችሁ። ሊነክስ ላይ ደግሞ «ኤልኤስፒሲአይ» የሚባለው ትዕዛዝ ይዘረዝርላችኋል። ፍለጋችሁን በላፕቶፑ ስም ሳይሆን በዚህ ቁጥር አድርጉት፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ የዋይፋይ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላልና።

አራተኛ፣ አስተርጓሚውን በሌላ መንገድ አምጡት። ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ የዩኤስቢ ቴተሪንግን አብሩ። ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል፤ የዚህ ድራይቨር ደግሞ በሊነክስም በአዲሶቹ ዊንዶውሶችም ውስጥ አለ። ዳታ ከሌለስ? ይህ ለእኛ አካባቢ የይስሙላ ጥያቄ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የቺፑን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሲገኝ ድራይቨሩን በፍላሽ ይዛችሁ ተመለሱ። ቁጥሩን ሳትይዙ ከሄዳችሁ ግን የመኪና ሒሳቡ ሁለት ጊዜ ነው።

አምስተኛ፣ ድራይቨሩ ተጭኖም እምቢ ካለ ሴኪዩር ቡትን አስቡ። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የተስፋፋ ጥበቃ ነው፤ ማኅተም የሌለውን ድራይቨር አያስገባም። ኡቡንቱ ተጨማሪ ድራይቨር ሲጭን የይለፍ ቃል ያስመርጣችኋል፤ ላፕቶፑ እንደገና ሲነሳም ሰማያዊ ገጽ ላይ ያንኑ ቃል ይጠይቃል። ያን ገጽ ዝም ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው፤ ከዚያ «ድራይቨሩ አይሠራም» ይላሉ።

ዊንዶውስ ስትጭኑ ዲስኩ ካልታየ ደግሞ የኢንቴልን የዲስክ ድራይቨር ፍላሽ ላይ ፈትታችሁ አስቀምጡና መጫኛው ላይ ሎድ ድራይቨር የሚለውን ተጫኑ። ቪኤምዲን ከባዮስ ማጥፋትም ይቻላል። ግን ተጠንቀቁ፤ ቀድሞ የነበረው ዊንዶውስ በቪኤምዲ ለምዶ ከሆነ እምቢ ሊል ይችላል። እምቢ ካለ ቅንብሩን ወደ ነበረበት መልሱት እንጂ ፎርማት አታድርጉ።

ሁሉንም ሞክራችሁ ያልሆነ ቀን፣ ያ ቺፕ ቋንቋው ገና ያልተተረጎመ ሊሆን ይችላል። በ1991 የቶርቫልድስ ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎችም ያላቸው ዕቃ አልሠራ ብሏቸው ነበር። የዕቃውን ቁጥር፣ የታየውን ስህተት፣ የሞከሩትን ነገር በጥንቃቄ ጽፈው ለሚያውቅ ሰው ላኩ፤ ቀስ እያሉም ራሳቸው ድራይቨር መጻፍ ተማሩ። ዛሬ ማታ ሽንዲ ላይ የምትጽፉት ቁጥርም ነገ ያንኑ ላፕቶፕ ለገዛ ለሌላ ልጅ ይጠቅመዋል።