የጉልቷ ሴት በሠዓሊ ታደሰ መስፍን ሸራ ላይ

ሰባተኛ ክፍል ስገባ በተሰጠን የምዝገባ ቅጽ ላይ «የእናት ሥራ» የሚል ክፍት ቦታ ነበር። «የቤት እመቤት» ብዬ ሞላሁት። እናቴ በዚያች ሰዓት አጠና ተራ አጠገብ ማዳበሪያ አንጥፋ፣ ቲማቲሙንና ቃሪያውን በመደብ በመደብ ከፍላ ተቀምጣ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅም ጓደኞቼ እንዳያውቁብኝ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። በማኅበራችን ውስጥ በጉልት ልጆቻችሁን ያሳደጋችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ይህን መናገር ይከብደኛል፤ ነገር ግን ስለ ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ለመጻፍ ከዚህ ሌላ መነሻ የለኝም።

ሠዓሊ ታደሰ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ ነው። ሥዕል የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከመምህሮቻቸው አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልደው ጀርመን አገር ኮሎኝ የተማሩ ሠዓሊና ገጣሚ ናቸው፤ በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚናገረውን ረቂቅ ሥዕል ለአገራችን ካስተዋወቁት ቀዳሚው። ታደሰ ከዚያ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሄደው ሌኒንግራድ ተማሩ። እዚያ ደግሞ የሰውን አካል በትክክል መሣል በጥብቅ ይሰጥ ነበር። በእኔ ዓይን ሥራቸው የሁለቱ ትምህርት ልጅ ነው፦ ሴቲቱ ሴት መሆኗ አይጠፋም፤ የቆመችበት መሬትና ከኋላዋ ያለው ግን በቀለም ውስጥ ይሟሟል። ተመልሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው በተማሩበት አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቦታ ስትይዝ ሥራዎቻቸውን ያቀረቡት ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ የእሳቸው ተማሪ ነበሩ።

ስማቸው በውጭ አገር ጭምር የተነሳው «የሕይወት ምሰሶዎች» ባሏቸው ተከታታይ ሥዕሎች ነው። የሚሣሉት የጉልት ሴቶች ናቸው። ረዣዥም ናቸው፤ ሸቀጣቸውን ይዘው እንደ ንግሥት ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሣሉት ቅዱሳንና ነገሥታት ነበሩ፤ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ቢጨመር እንኳ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ነው። ለቱሪስት በሚሸጡት ሥዕሎች ላይ የገበያ ቀን አለ፤ ሻጯ ግን ከሕዝቡ መሃል አንዷ ናት፣ ፊቷን አታስታውሱትም። በደርግ ጊዜ ፖስተር ላይ የወጣችው ደግሞ ክንዷን ያነሳች ወዛደር ወይም ገበሬ ነበረች። ማዳበሪያ አንጥፋ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ቅድስትም ወዛደርም ስላልሆነች ሳትሣል ቆየች።

እኛስ? ለሪፖርት ፎቶ ስንነሳ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶ አንሺው ቆሞ፣ እኛ ተቀምጠን፣ ከላይ ወደ ታች ነው። (ደጋፊዎቻችን ቅር አይበላችሁ፤ ፎቶውን የምንልክላችሁ እኛው ነን።) ሠዓሊ ታደሰ ያደረጉት ይህን መገልበጥ ነው። እነዚያን ሥዕሎች የሚያይ ሰው ሴቶቹን ወደ ታች ማየት አይችልም።

ቅር የሚለኝ ርዕሱ ብቻ ነው። አጠና ተራ ያደግን ሰዎች ምሰሶን እናውቀዋለን። ቤቱን ተሸክሞ ይኖራል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው የሚያገኘው ምስጥ በልቶት ሲዘም ነው። ሴትን ምሰሶ ማለት ሙገሳ ነው፣ ግን ሸክሙን ማን ያግዛት የሚለውን አይመልስም። ደግሞም ሥዕሎቹ ለንደን ድረስ ሄደው ታይተዋል፤ ከእኛ ሰፈር ጉልት ሴቶች ግን ያየቻቸው አንዲት እንኳ አላገኘሁም።

ስለዚህ ባለፈው ሰሞን ለእናቴ በስልኬ አሳየኋት። አሁን ጉልቱን ትታለች፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ያን የትምህርት ቤት ቅጽም ያን ጊዜ ነገርኳት። ስለ ቅጹ ምንም አላለችም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣

«ቆማ ነው እንዴ የምትውለው?» አለች። «እግሯን አያማትም?»