ከምዕራፍ በፊት ምንጭ፦ የድኅረ ምረቃ ጥናትን ስለ ማቀድ



የዛሬው ንግግሬ የድኅረ ምረቃ ጥናት እንዴት ታቅዶ እንዴት ከፍጻሜ እንደሚደርስ የሚመለከት ነው። ጉዳዩን በመመሪያ መልክ ማቅረብ ይቻል ነበር፤ የታሪክ መምህር እንደ መሆኔ ግን በሁለት ሥራዎች ታሪክ በኩል ማየትን መርጫለሁ። ሁለቱም ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ማዕርግ የቀረቡ ናቸው። አንደኛው ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1968 ያቀረቡት፣ ከ1270 እስከ 1527 የነበረውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት የሚያጠናው ነው። ሁለተኛው ፕሮፌሰር መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971 ያቀረቡት፣ ከ1508 እስከ 1708 ደቡብ ኢትዮጵያ ከክርስቲያናዊው መንግሥት ጋር የነበራትን ግንኙነትና የኦሮሞን ሕዝብ መስፋፋት የሚመረምረው ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ወሰናቸውን እንመልከት። 1270 ይኵኖ አምላክ የነገሠበት ዓመት ነው፤ 1527 ደግሞ የኢማም አሕመድ ጦርነት ዋዜማ ነው። 1508 ዐፄ ልብነ ድንግል ዙፋን የያዙበት፣ 1708 የቀዳማዊ ተክለ ሃይማኖት ዘመነ መንግሥት ያበቃበት ነው። ሁለቱ ጥናቶች 19 ዓመታትን ይጋራሉ፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን አይደግምም። አንዱ ወደ ገዳማቱና ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲመለከት፣ ሌላው ወደ ደቡቡ ዳርቻ ይመለከታል። ከዚህ የምንረዳው የጥናት ወሰን የሚቆመው በጥያቄው እንጂ በዓመታት ብዛት አለመሆኑን ነው። «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ» የሚል ርእስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ርእስ አለው፤ ጥያቄ ግን ገና የለውም። ጥያቄ የሌለው ጥናት ደግሞ የት እንደሚያበቃ አያውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው የምንጭ ነገር ነው። የታደሰ ጥናት በገድላት፣ በዜና መዋዕሎችና በዐረብ ጸሐፍት ሥራዎች ላይ የቆመ ነው። ከገድላቱ ብዙዎቹ በየገዳማቱ ዕቃ ቤት የሚጠበቁ የብራና መጻሕፍት ናቸው። መርዕድ የተጠቀሙባቸው የኢየሱሳውያን ደብዳቤዎችና ዘገባዎች በአንጻሩ አብዛኞቹ ቤካሪ ከ1903 እስከ 1917 በሮም ባሳተሟቸው 15 ቅጾች ውስጥ ይገኛሉ። ብራና ፍለጋ መንገድን፣ የደጅ ጥናትንና የአበምኔት ፈቃድን ይጠይቃል። የታተመ ቅጽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ዋጋው ግን ፖርቱጋልኛንና ላቲንን መማር ነው። አንዱ ዕቅድ ወራቱን በመንገድ፣ ሌላው በቋንቋ ያሳልፋል ማለት ነው።

በአማካሪነት በቈየሁባቸው ዓመታት ያነበብኳቸው አብዛኞቹ ንድፈ ጥናቶች የጊዜ ሰሌዳቸውን የሚያዋቅሩት በምዕራፍ ነው፤ በጥቅምት ምዕራፍ አንድ፣ በታኅሣሥ ምዕራፍ ሁለት ይላሉ። በእኔ እምነት ሰሌዳው መጀመር ያለበት ከምንጩ ነው። ለእያንዳንዱ ምንጭ አምስት ነገሮች ይጻፉ፦ የት ይገኛል? ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? በምን ቋንቋ ተጽፏል? በየትኛው ወቅት ይደረስበታል? በሩ ቢዘጋስ ምን ይተካዋል? ሐምሌና ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፤ በጾምና በበዓላት ሰሞን የዕቃ ቤቱ ኀላፊ ጊዜ ላይኖረው ይችላል። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። የእነዚህን ገዳማት መጻሕፍት የምትሻ ተማሪ ይህን በሁለተኛው ዓመት ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ማወቅ ይገባታል። ከ1973 ጀምሮ ከ9,000 የሚበልጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ከዚያ የምትፈልገው ይገኝ እንደሆነ ቀድማ ካታሎጉን ልትመረምር ይገባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ሁለተኛ መንገድ ያልተበጀለት ዕቅድ ምኞት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ ሥራን መከፋፈልን ይመለከታል። ታደሰ ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ ያዘጋጁት ጽሑፍ በጣሊያን በሚታተም የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የወጣው በ1966 ነው፤ ይህም ዲሴርቴሽናቸው ከመቅረቡ ሁለት ዓመት በፊት ነው። የደብረ ሐይቅን አበምኔቶች ከ1248 እስከ 1535 የሚከተለው ጽሑፋቸው በ1970 በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት ላይ ታተመ። በ1972 መጽሐፉ በኦክስፎርድ ወጣ። ይህን የዘመን ቅደም ተከተል እንደ ዕቅድ ብናነበው ትምህርት ይሰጠናል። አንድ ትልቅ ጥናት ራሳቸውን ችለው ሊቆሙ በሚችሉ ትንንሽ ጥያቄዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም በሌሎች ምሁራን ዐይን ይፈተናል። እንዲህ የሠራ ተማሪ መካከል ላይ ሕመም ወይም የገንዘብ እጥረት ቢያግደው እንኳ ለዕውቀት የሚተርፍ ነገር በእጁ ይኖራል።

የመርዕድ ሥራ በበኩሉ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ለዐሥርት ዓመታት በመጽሐፍ መልክ ሳይታተም ቈይቷል፤ ሆኖም የ16ኛውንና የ17ኛውን መቶ ዓመት የሚያጠና ሁሉ የታይፕ ቅጂውን እየፈለገ አንብቦታል፣ ጠቅሶታልም። ይህ የሥራው ጥንካሬ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ቅጂውን ለማግኘት አቅም ያጣ የአገር ቤት ተማሪ ስንት እንደ ነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። እንግዲህ የዕቅዳችሁ የመጨረሻ መስመር «የጥናቱ ማስረከቢያ ቀን» መሆን የለበትም። ሥራው በማን እጅ፣ በምን ቋንቋ፣ በምን መልክ እንደሚደርስ የሚገልጽ አንድ መስመር ይጨመርበት። ታሪካቸውን የነገሯችሁ ሽማግሌዎችና ዕቃ ቤት የከፈቱላችሁ መነኰሳት ውጤቱን የማየት መብት አላቸው።

ይህን ሁሉ አጥብቄ የምናገረው ምንጮቻችን ስለማይጠብቁን ነው። ዛሬ ያልተጠየቀ አዛውንት በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል፤ እሳት፣ ጎርፍና ጦርነት ብራናን አይምሩም። በዕቅድ ጉድለት የባከነ አንድ የመስክ ወቅት ተማሪውን ስድስት ወር ያዘገየዋል፤ ለታሪካችን ግን የማይመለስ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምዕራፎቻችሁን ዝርዝር ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋችሁ የምንጮቻችሁን ዝርዝር ጻፉ፤ ከሁሉ ቀድሞ ሊጠፋ የሚችለውንም ከሁሉ በላይ አስቀምጡት። ሥራችሁንም ከእርሱ ጀምሩ።