በደም ሥር የሚሰጥ የስብ ምግብ፦ ነጩ ከረጢት ምንድን ነው?

በናታንያ ላንያዶም ሆነ በሌላ ሆስፒታል፣ ወደ ቲፑል ኒምራጽ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) የሚገባ ቤተሰብ ከአልጋው በላይ ወተት የመሰለ ነጭ ከረጢት ተንጠልጥሎ ሊያይ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ከረጢት መሠረታዊ መረጃ ይሰጣል።

ከምን ይሠራል?

ወተት አይደለም። የተለመደው ዓይነት ከአኩሪ አተር ዘይት፣ ከእንቁላል አስኳል ከሚወጣ ንጥረ ነገር፣ ከግሊሰሪንና ከውሃ ይሠራል። አዳዲሶቹ የወይራና የዓሣ ዘይትም አላቸው። ተራ ዘይት ደም ሥር ውስጥ ቢገባ የሳንባን ደም ሥሮች ዘግቶ ይገድላል። እዚህ ግን ዘይቱ እጅግ ደቃቅ በሆኑ ጠብታዎች ተከፋፍሎ ከውሃው ጋር ተዋህዷል። ነጭ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ከጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራ ተመሳሳይ ምርት ጉዳት በማድረሱ በ1960ዎቹ ከገበያ ወጥቷል። ስዊድናዊው ሐኪም አርቪድ ሬትሊንድ የሠራው ኢንትራሊፒድ ግን በ1962 በስዊድን፣ በ1975 ደግሞ በአሜሪካ ተፈቀደ።

ለምን ይሰጣል?

ሆድና አንጀት የሚሠሩ ከሆነ ምግብ በቅድሚያ በዞንዳ፣ ማለትም በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይሰጣል። አንጀት ሲዘጋ፣ ሲቀደድ ወይም ምግብ መቀበል ሲያቅተው በደም ሥር መመገብ ያስፈልጋል። ስኳር ብቻ ቢሰጥ የደም ስኳር ይጨምራል፣ ጉበትም ስብ ያከማቻል። ከዚህም በላይ ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችል የስብ ዓይነቶች አሉ። 20 በመቶ ስብ ያለው 250 ሚሊ ሊትር ከረጢት 500 ካሎሪ ያህል ይሰጣል።

መጠኑና ጉዳቱ

የአውሮፓ ክሊኒካዊ ምግብ ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት በደም ሥር የሚሰጥ ስብ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.5 ግራም መብለጥ የለበትም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 105 ግራም ነው። የመመሪያው መሪ ጸሐፊ በፔታሕ ቲክቫ ቤይሊንሶን ሆስፒታል የሠሩት ፕሮፌሰር ፒየር ሲንገር ናቸው። በ2011 በዚያው ሆስፒታል ባወጡት ጥናት፣ የሰውነታቸው ፍላጎት በመሣሪያ እየተለካ ብዙ ካሎሪ ያገኙ ሕሙማን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የቆዩት ረዘም ላለ ጊዜ ነበር። ስለዚህ "ብዙ ከበላ ቶሎ ይድናል" የሚለው አባባል እዚህ ሁልጊዜ አይሠራም።

ስቡ ሲበዛ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው የደም ምርመራ ይደረጋል። ጀርም በቀላሉ ስለሚራባበትም ቱቦው በየጊዜው ይቀየራል።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም

ፕሮፖፎል የሚባለው ማደንዘዣ መድኃኒትም ነጭ ነው፤ እሱም ራሱ ስብ ስላለው ሐኪሞች ካሎሪውን ከምግቡ ጋር ይቆጥሩታል። በዞንዳ የሚገባው ምግብም ነጣ ያለ ነው፤ እሱ ግን ወደ ሆድ እንጂ ወደ ደም ሥር አይገባም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

- ሕመምተኛው እንቁላል፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ ወይም ዓሣ የማይስማማው ከሆነ ወዲያውኑ ለሐኪሙ ይንገሩ።
- ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካዩ ነርሷን ይጥሩ።
- ያለ ፈቃድ ውሃም ሆነ ምግብ በአፍ አይስጡ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የኢንፉዝያውን ፍጥነትም አይንኩ።
- የካሽሩት ጥያቄ ካለዎት የሆስፒታሉን ራቢ ወይም ቄስዎን ያነጋግሩ።
- በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሕመምተኛው በሚገባው መንገድ እንዲገለጽለት ያዛል። የጤና ሚኒስቴር የ2011 መመሪያም ሆስፒታሎች የቋንቋ እርዳታ እንዲያመቻቹ ይጠይቃል። ስለዚህ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ዕብራይስጥ የሚችል ልጅዎን በዚህ ሸክም አያስጨንቁት።

ለሐኪሙ ወይም ለዲያታኒቷ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፦ በዞንዳ ለምን አልተቻለም? የደም ምርመራው ምን ያሳያል? መቼ ወደ ተለመደው ምግብ ይመለሳል?