አንዴ ተሠርቶ በየገጹ የሚያገለግል፦ የድረ ገጽ እንቅስቃሴ ታሪክ ከራያ ቆላ ሲታይ



የዛሬው ንግግር በድረ ገጽ ንድፍ ሥራ ውስጥ አንድ ጊዜ የተሠራን አኒሜሽን፣ እንዲሁም ተጠቃሚው ሲነካ የሚመጣን ምላሽ፣ በየገጹ መልሶ ስለ መጠቀም ነው። ጉዳዩ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን በውስጡ አንድ የቆየ ጥያቄ ይገኛል፦ ብዙዎች በጋራ የሚገለገሉበትን ነገር ማን ይይዘዋል? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?

ይህ ጥያቄ ለራያ ቆላ እንግዳ አይደለም። እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ የክረምቱን ጎርፍ ይዘው ወደ ቆቦ ሜዳ ይወርዳሉ። ገበሬው ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ ወደ ዋናው ቦይ ያስገባል፤ ከዚያም በቅርንጫፍ ቦዮች ወደ ማሽላና ጤፍ ማሳው ይመራዋል። እያንዳንዱ ለየማሳው የብቻውን ጠለፋ ልሥራ ቢል ጉልበቱም ውኃውም አይበቃውም። ዋናው ቦይ ሲጠገን ከሥሩ ያሉት ማሳዎች ሁሉ ይጠጣሉ፤ ሲሰበርም ሁሉም ይጠማሉ። የድረ ገጽ እንቅስቃሴም በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ መሆኑን ቀጥለን እንመለከታለን።

እንቅስቃሴን ደጋግሞ መጠቀም ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ዘዴ ነው። ቤልጅጋዊው ጆዜፍ ፕላቶ እ.ኤ.አ. በ1832 የሠራው ክብ ሰሌዳ ጥቂት ሥዕሎች በዙሪያው ተደርድረውበት ነበር። ሰሌዳው ሲሽከረከር የመጨረሻው ሥዕል ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል፤ አንዲት አጭር እንቅስቃሴም ማብቂያ ሳይኖራት ትመላለሳለች። አሜሪካዊው ኧርል ኸርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1914 የፈጠራ መብት የጠየቀበት የሴሉሎይድ ዘዴ መልክዓ ምድሩን አንዴ ብቻ ሥሎ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል በሚያሳይ ወረቀት ላይ እየለዋወጡ ለመሥራት አስቻለ። ዲዝኒም እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው «ሮቢን ሁድ» ፊልም ውስጥ በ1937 ከወጣው «ስኖው ዋይት» የተወሰዱ የጭፈራ እንቅስቃሴዎችን መልሶ ሥሏል። የኸርድ ዘዴ ዓላማ ድካምንና ወጪን መቀነስ ነበር።

ወደ ድረ ገጽ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ የወጣውና ኋላ ፍላሽ የተባለው ፕሮግራም ይህን ዘዴ ለብዙ ነዳፊዎች አደረሰ። ነዳፊው አንድን ቁልፍ ወይም ምስል ሠርቶ በፕሮግራሙ ማከማቻ ያኖረዋል፤ በሚፈልግበት ስፍራ ሁሉም ይጠራዋል። ዋናውን ሲያርም ቅጂዎቹ ሁሉ ይታረማሉ። ዘዴው መልካም ነበር፤ የዋናው ቦይ ባለቤት ግን አንድ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አልተቀበለም፤ ባለቤቱ አዶቢም ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድጋፉን አቋረጠ። የፍላሽ ብቻ የነበሩ ገጾችም ተራው ተጠቃሚ ሊከፍታቸው የማይችል ሆኑ።

የአማርኛ ድረ ገጽ በበኩሉ ሌላ ችግር ነበረበት። ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የግእዝ ፊደል የጋራ መለያ ቁጥር ስላልነበረው እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱን አመዳደብ ይከተል ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆናል። ርእስን በሥዕል መልክ ማስቀመጥ አንዱ መውጫ ነበር። ሥዕል የሆነ ርእስ ግን ቃሉ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ መሠራት አለበት፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ድካሙ ይበዛል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ መኖር ቻለ። በአንድ ርእስ ላይ የተሠራ እንቅስቃሴ ሳይለወጥ በሌላው ላይ እንዲያርፍ መሠረቱ የተጣለው ያኔ ነው።

ሁለተኛው መሠረት ሲኤስኤስ የተባለው የገጽ አቀራረብ ቋንቋ ነው። የአኒሜሽን ክፍሉ የመጀመሪያ ረቂቅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ለእንቅስቃሴ ስም ሰጥቶ በአንድ ፋይል ማስቀመጥንና ከየገጹ በስሙ መጥራትን አስቻለ። ደንቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የአንድ ኩባንያ ውሳኔ ብቻውን አያጠፋውም።

በተግባር ለማየት በቆቦ ለሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር 40 ገጾች ያሉት ድረ ገጽ ይሠራል እንበል። ዝርዝር ማውጫው ሲከፈት በ300 ሚሊ ሰከንድ ብቅ ይላል፤ ቁልፉ ሲነካ ቀለሙን ይለውጣል። ይህ በየገጹ ተለይቶ ከተጻፈ፣ ፍጥነቱን ወደ 200 ለማውረድ 40 ቦታ መታረም ግድ ይሆናል፤ ሦስት ገጽ ቢዘነጋ ድረ ገጹ መልኩ የተዘበራረቀ ይሆናል። በአንድ ፋይል ከተጻፈ ግን እርማቱ አንድ ነው። ከዚህም በላይ የተጠቃሚው ስልክ ፋይሉን አንዴ አውርዶ ስለሚያስቀምጠው በየገጹ እንደገና ማውረድ አይኖርበትም። የጤፍ ዋጋ ለማየት በደካማ ኔትወርክ ገጹን ለሚከፍትና ዳታውን በብር ለሚገዛ ገበሬ ይህ የኪስ ጉዳይ ነው።

የጋራ ነገር አደጋም እንዳለው መዘንጋት አይገባም። በዚያ አንድ ፋይል ውስጥ የገባ ስሕተት በ40ዎቹም ገጾች ይታያል። ከሌላ ሥራ የተወሰደ የተዘጋጀ ስብስብም ለማኅበሩ የማይጠቅሙ በርካታ እንቅስቃሴዎችን ተሸክሞ ይመጣል፤ ሸክሙን የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው። እንቅስቃሴ የሚያዞራቸው ሰዎችም አሉ፤ ስለ እነርሱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳሾች «እንቅስቃሴ ይቀነስልኝ» የሚለውን የተጠቃሚ ምርጫ ለገጹ ማሳወቅ ጀምረዋል። የጋራ ፋይል ያለው ነዳፊ ይህን ምርጫ በአንድ ቦታ ያከብራል፤ የሌለው ግን በየገጹ ሊያሳድደው ይገደዳል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ሥራ ስትጀምሩ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ወስኑ፦ እንቅስቃሴው የሚኖርበትን አንድ ቦታ፣ የተጻፈበት ደንብ ክፍት መሆኑን፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚጠግነውን ሰው። የራያ ገበሬ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ቦዩን ይጠርጋል። እናንተም ድረ ገጹን ለማኅበሩ ከማስረከባችሁ በፊት የጋራውን ፋይል አጽድታችሁ፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ምን እንደሚያደርግ በአማርኛ ጽፋችሁ አስረክቡ።