ባልደራባው የት ገባ?

ላሊበላ ነን። ሠላሳ የምንሆን የታሪክ ተማሪዎች ሁለት ቀን ሙሉ በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ስንንገላታ ከርመን፥ አቧራችንን እንኳ በቅጡ ሳናራግፍ በቤተ መድኃኔ ዓለም ጫፍ ቆመን ቁልቁል እናያለን። አስጎብኛችን ጋቢውን አጣፍቶ፥ በመቋሚያው ዓለቱን ነካ ነካ እያደረገ ያስረዳል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ የፈረንጆች ቡድን የራሱን አስጎብኚ ከቦ ቆሟል። አንዲት ሴትዮ «ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች። «መላእክት» አላት ያኛው፤ ሴትዮዋም ደስ ብሏት ጻፈች። የኛው ግን ለዚያው ጥያቄ «ንጉሥ ላሊበላና ሕዝቡ» ብሎ መለሰልን።

ነገሩ ከንክኖኝ ለብቻው ሲሆን ጠጋ ብዬ፥ «ጋሼ፥ እውነቱ የትኛው ነው?» አልኩት። ሳቅ አለና፥ «እንግዳ የሚጠይቀው ሊሰማ የሚወደውን ነው። አንተስ የትኛውን ትወዳለህ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጫረው ያ ጥያቄ ነው። ስለ አገራችን ጥንታዊ ሥልጣኔ ፈረንጅ የጻፈውን እንጠቅሳለን። እሱ ግን አገሩን ያየው በማን ዓይን ነው? ማን እየመራው? ማን እየተሸከመለት? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ አንባቢ እንዳይደናገር።)

በድሮው ጊዜ እንግዳ ዝም ብሎ አገር አያቋርጥም። ባልደራባ ይመደብለታል። ባልደራባ ማለት እንግዳውን ከቤተ መንግሥት የሚያገናኝ፥ ጉዳዩን የሚያስፈጽም፥ በመንገድም የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ጠባቂነቱ ታዲያ በሁለት በኩል ነው፤ እንግዳውን ከአገሩ፥ አገሩንም ከእንግዳው። ንጉሡ ሲያዝዝ ደግሞ የእንግዳው ስንቅ ከባላገሩ ይወጣል፤ ድርጎ ይሉታል። ጓዙም በባላገሩ ጫንቃ ከወረዳ ወደ ወረዳ ይሸጋገራል።

በሚያዝያ 1520 በሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ ምጽዋ ላይ ወረደ። የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የደረሰው በጥቅምት ነው። ግማሽ ዓመት መሆኑ ነው። ከቆላው ወደ ደጋው ሽቅብ፥ ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሞልቶ፥ ተሸካሚ ጠፍቶ፥ ገደሉ በቅሎ አላሳልፍ ብሎ። የጓዱ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሁሉ ጻፈው። የሱን ያህል ዝርዝር ነገር የተወልን የዚያ ዘመን እንግዳ የለም። የጻፈውም በጊዜው ደርሶ ነው፤ መካነ ሥላሴን የመሰሉ ስለነሱ ያወራላቸው አብያተ ክርስቲያናት ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥለዋል። ዛሬ መልካቸውን የምንገምተው በዚህ ቄስ ቃል ነው።

ጓዱን መንገድ ላይ ከተረከቡት መሪዎች አንዱ አንድ መነኩሴ ነበር። አልቫሬዝ አይወደውም። ጓዙን ይዞ የሚወጣበትና የሚወርድበት መንገድ አያምረውም፤ ከባላገሩ ጋር መጨቃጨቁም እንዲሁ። አንጎት ውስጥ ባላገሩ በጓዱ ላይ ድንጋይ አወረደበት። አልቫሬዝ ይህን ሲጽፍ ስለ ተወረወረው ድንጋይ ነው የሚያወራው፤ የወርዋሪው ጎተራ ውስጥ ምን እንደቀረ አይጠይቅም። መቼም ድርጎ ከፍሎ፥ ከዚያ ደግሞ ጓዝ ተሸክሞ፥ እጁን አጨብጭቦ የሚሸኝ ገበሬ የት ይገኛል! እኔ ብሆንስ?

መነኩሴው ጸጋ ዘአብ ይባላል። ጓዱ በ1526 ሲመለስ ልብነ ድንግል እሱን መልእክተኛ አድርጎ ፖርቱጋል ላከው፤ በ1527 ሊዝበን ገባ። አሁን ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው። ትላንት መሪ የነበረው ዛሬ እንግዳ ሆነ። ሊዝበን ግን ባልደራባነቱን አላወቀችበትም። ሃይማኖትህ ትክክል አይደለም ተብሎ ከሊቃውንቱ ጋር ክርክር ገጠመ፥ ዓመታት አለፉ፥ ቁርባን እንኳ ተከለከለ። እሱም ቁጭ ብሎ የአገሩን እምነትና ልማድ ጻፈ፤ ያቀረበለትን አቀባበልም አልደበቀም። ዳምያው ደ ጎይሽ የተባለው የፖርቱጋል ሊቅ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ሉቫን ላይ አሳተመለት።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ የታተመው መቼ ነው? በዚያው በ1540፥ ሊዝበን ላይ። የእንግዳውና የባልደራባው መጽሐፍ በአንድ ዓመት! የባልደራባው በፖርቱጋል እንዳይሸጥ በማግሥቱ በ1541 ታገደ። የእንግዳው ግን በየቋንቋው እየተተረጎመ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ እኛም ክፍል ውስጥ እንጠቅሰዋለን። ስለ ጸጋ ዘአብ ግን በአንደኛ ዓመት ትምህርታችን አንድም ቀን አልሰማሁም።

ከሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ጄምስ ብሩስ መጣ። በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ የመራው ወልዶ የሚባል ሰው ነበር። ወልዶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ታመምኩ አለ፥ አልሄድም አለ፥ በመጨረሻም የብሩስን ቀይ የሐር መታጠቂያ ተቀብሎ ምንጩን አሳየው፤ ጫማህንም አውልቅ አለው። ብሩስ ይህን እንደ ቀልድ ይተርከዋል። ቀልዱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ እዚያው ምንጭ ላይ በ1618 ደርሷል፤ ብሩስ ይህን አልቀበልም አለ። አብሮት የነበረውን ጣልያናዊ ሠዓሊ ባሉጋኒንም ከዚያ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሰውየው የሞተው ግን ከግሽ መልስ በ1771 ነው። የገዛ ጓደኛውን የሰረዘ ሰው ወልዶን በስሙ መጥራቱ ራሱ ያስገርማል። መታጠቂያው ይሆናል ያስታወሰው።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ፤ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክርም ከሱ የመጣ ነው። ባሕር ዳር፥ ጎንደር፥ አክሱም፥ ላሊበላ በአውሮፕላን ተሰፉ። ወር የሚፈጅ የበቅሎ መንገድ በቀናት አለቀ፤ እንግዳውም ደጋውንና ቆላውን በመስኮት አየ። ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ የሚወርደው ዳሎልና ከአራት ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ የሚወጣው ራስ ዳሸን በአንድ አገር ካርታ ላይ ናቸው፤ ይህን አይቶ የማይደነቅ የለም። በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሁለቱ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች ሆኑ። ጥሩ ነው፤ ኮርተናል።

ግን በ1973 ወሎ በረኀብ ሲረግፍ ላሊበላ ያለችው እዚያው ወሎ ውስጥ ነበር። የእንግዳው መንገድ በረኀቡ ላይ ነበር የሚያልፈው፤ በላዩ፥ በአየር። ድርጎ የሚያወጣው ባላገር ከታች ቀረ። አልቫሬዝ ቢያንስ ድንጋዩን ቀምሷል።

«ማን ሠራው?» ወደሚለው ልመለስ። አልቫሬዝ ላሊበላን አይቶ ከጻፈ በኋላ፥ የሚያምነኝ የለም ብሎ ብዕሩን አቆመ። እዚያው ላይ ግን የነገሩትን ጨምሯል፦ ሥራው 24 ዓመት እንደፈጀና የሠሩትም ነጮች፥ ግብጻውያን እንደሆኑ ነገሩኝ ይላል። ማነው የነገረው? የኛው ሰዎች ናቸዋ! እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ ተናድጄ ነበር፤ ፈረንጁን እንዳልወቅስ ወሬው ከኛ ነው የወጣው። ለነጭ እንግዳ የነጭ ታሪክ ማቅረብ መስተንግዶ መስሏቸው ይሆን? እንጃ። ገድሉ ደግሞ መላእክት ረዱት ይላል፤ ሰው ቀን የጠረበውን ያህል እነሱ ሌሊት ይጨምሩ ነበር እየተባለም ይተረካል።

ዓለቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ጠራቢው ከላይ ወደ ታች ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ መሐሉን እንደ ሣጥን ያስቀራል፤ ከዚያ በመስኮትና በበር እየገባ ውስጡን ይፈለፍላል። አንድ ዓምድ ቢሰበር መተኪያ የለውም። የዝናቡም ውኃ እንዲወርድ ወለሉን ማዘንበል፥ ቦዩን ከቦይ ማገናኘት አለበት። የተፈለፈለው ድንጋይ ደግሞ የሆነ ቦታ መደፋት አለበት፤ ኢትዮጵያውያንና ፈረንሣውያን አጥኚዎች ያን የተደፋ ክምር እየቆፈሩ መርምረዋል። ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባለው የሥነ ቁፋሮ ሊቅ ከ11ዱ አንዳንዶቹ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድሙ ጽፏል። ይህ እውነት ከሆነ አንድ ንጉሥ ብቻ ሳይሆን በትውልድ ላይ ትውልድ፥ አባት ለልጁ መጥረቢያ እያወረሰ ነው የሠራው ማለት ነው። ያንን ክምር በቅርጫት ያወጣው ሰው ስም በየትኛውም መጽሐፍ የለም፤ በአልቫሬዝም፥ በገድሉም።

ከሰዓት በኋላ አስጎብኛችንን «ጋሼ፥ የትኛውን እንደምወድ አወቅሁ» አልኩት፤ ስለ ድንጋዩ ክምር ያነበብኩትንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፥ «አያቴም ያ ጉብታ የተፈጥሮ አይደለም ይል ነበር። የጠየቀኝ ስለሌለ አልተናገርኩም» አለ።

ከዚያ ቤተ ገብርኤል ሩፋኤል ጋ ወስዶ ጨለማው ዋሻ አፍ ላይ አሰለፈን። «ባትሪ አታብሩ። አንድ እጃችሁን ግድግዳው ላይ፥ አንዱን ከፊታችሁ ያለው ትከሻ ላይ። ጎንበስ በሉ» አለና ቆጠረን። እሱ ከፊት ገባ። እኔ ስድስተኛ ነበርኩ፤ የማየው ነገር አልነበረም፥ ድምጹን ብቻ እሰማለሁ፦ «ደረጃ አለ... እዚህ ጋ ጭንቅላት... ቀኙን ያዙ...»