የአደን ጠመንጃ መነጽር

የአደን ጠመንጃ መነጽር ከጠመንጃው መዝጊያ በላይ በማሰሪያ ቀለበት ተገጥሞ ዒላማን አቅርቦ የሚያሳይ፣ ውስጡ ባለው መስቀለኛ መስመር የሚነጣጠርበት መሣሪያ ነው። በደቡብ ኦሞ ዞን በካንጋተን ዙሪያ ባለመነጽር ጠመንጃ ብርቅ ነው። የኛንጋቶም አርብቶ አደር ምንሽሩንም ሆነ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከሱዳን በኩል የገባውን ክላሽ የሚተኩሰው በብረት ማነጣጠሪያው ነው። መነጽር ይዞ የሚመጣው ባብዛኛው የውጭ አገር አዳኝ ሲሆን፣ መድረሻውም በኦሞ ወንዝ ምሥራቅ እንደ ሙሩሌ ያለ በፈቃድ የሚታደንበት ክልል ነው። በሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ በኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ አደን ጨርሶ ክልክል ነው።

ገዥ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። ለታችኛው ኦሞ ግን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቢሆን ይሻላል። አምበራይሌ በግራር ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚውል የሚተኮስበት ርቀት ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ሜዳ ላይም ቢሆን ከረፋድ ጀምሮ ከጋለው መሬት የሚነሣው ሞገድ ዒላማውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከፍተኛ አጉሊነት ያንኑ መንቀጥቀጥ ከማጉላት አያልፍም። ቋሚ 4 እጥፍ ወይም ከ2 እስከ 7 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። የፊት መስተዋቱ ስፋት ለአጉሊነቱ ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ይገኛል፤ 32 ሚሊ ሜትር ለ4 ሲካፈል 8 ይሆናል፣ በጨለማ የተከፈተ የሰው ብሌን ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ የሚበልጠውን ብርሃን ዓይን አይቀበለውም። አውሮፓውያን በሌሊት አሳማ ለማደን የሚገዙት ባለ 56 ሚሊ ሜትር መነጽር፣ ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቀውና ቶሎ በሚጨልመው በዚህ አገር፣ ትርፉ ክብደት ነው።

አስተማማኝነት ያለው ከመስተዋቱ ይልቅ በውስጥ አሠራሩ ነው። መስቀሉን የያዘው የውስጥ ቱቦ በሞላ ተደግፎ ይቆማል። ሞላው ከደከመ ጠመንጃው በተራገጠ ቁጥር መስቀሉ ቦታውን ይስታል፤ ተኳሹም ራሱን ይወቅሳል። ለጎሽ የሚያዘው .375 ኤች ኤንድ ኤች ደካማ መነጽርን በጥቂት ጥይት ሊያበላሽ ይችላል። ዓይንም ከመነጽሩ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልራቀ ርግጫው ቅንድብ ይፈነክታል። ቱቦው ናይትሮጅን ተሞልቶ የታሸገ ከሆነ ውስጡ በእንፋሎት አይደበዝዝም፤ አቧራም አይገባውም።

ዋጋ ሲወርድ ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ሞላና መስቀሉን የሚያዛውረው ማስተካከያ ስለሆነ፣ በትንሽ ገንዘብ የሚበራ መስቀልና ትልቅ አጉሊነት አለኝ የሚል መነጽር ያጠራጥራል። እንደ ሉፖልድ ቪኤክስ ፍሪደምና ቮርቴክስ ክሮስፋየር 2 ያሉት ዋጋቸው መለስተኛ ሆኖ የዕድሜ ልክ ዋስትና አላቸው፤ ዕቃውን ባሕር ማዶ መልሶ መላክ ለሚኖርበት የጂንካ ሰው ግን የዋስትናው ጥቅም ትንሽ ነው። ቀለበቱ ላይ መቆጠብ አያዋጣም፤ በመነጽሩ ከሚሳበበው ጥፋት ብዙው የላላ ብሎን ነው።

መነጽሩን ለመፈተን በ100 ሜትር ርቀት ሦስት ጥይት ይተኮሳል። ከዚያም ማስተካከያው 20 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ እየዞረ በየማዕዘኑ ይተኮሳል። ጠቅታው ሩብ የማዕዘን ደቂቃ ከሆነ እያንዳንዱ ምቱን 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ያዛውራል። የመጨረሻው ጥይት ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጎን ካላረፈ መነጽሩ አይታመንም።

አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ወደ ካንጋተን ቆላ ሲወርድ ወፍራም አየር ውስጥ ይገባል፤ እስከ 200 ሜትር ድረስ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ሰፈር እንደደረሱ እንደገና ዒላማ ላይ መተኮስ የሚያስፈልገው ከአየሩ ይልቅ በኮረኮንቹ መንገድ ምክንያት ነው።